ቢራው ውስጥ የሌለው ጭስ

«ጭስ የለውም አልኩህ!»

«አለው። አፍንጫሽን ብርጭቆው ውስጥ ክተቺና እንደ ሰው አሽትቺ።»

«ከተትኩ እኮ! የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል፣ ዝናብ የመታው ጥድ ይሸታል፣ ከዚያ ይመራል። በቃ። የምን ጭስ ነው የምትለኝ?»

«ጉንፋን ይዞሻል።»

«እኔን ነው ጉንፋን የያዘኝ?»

ወንድሜ ጀርባውን አዙሮ የታንከሩን ቧንቧ በጨርቅ ይወለውል ጀመር። ቧንቧው ምንም አልነበረበትም፤ ፊቴን እንደ መስታወት አይበት ነበር።

«ግጥሙ ላይ ጭሱ ይግባ» አለ ሳይዞር። «የወይራ ጭስ የምትል ነገር ትኑርበት። ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው።»

«የሌለ ነገር አልጽፍም።»

«ኧረ ባክሽ! ገጣሚ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ያለውን ብቻ የሚጽፈው?»

«ጠማቂስ ከመቼ ወዲህ ነው የሌለውን የሚሸጠው?»

«ጎበዝ። አፍሽ እንደዚህ ስል ሆኖ አራት መስመር ያቅትሻል።»

የተጣላነው መስቀል ፍላወር አካባቢ ካለ አንድ መጠጥ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ወንድሜ እዚያ ክራፍት ቢራ ይጠምቃል። ከፋብሪካ በመኪና የሚመጣውን አይደለም፤ እዚያው ጓዳ ውስጥ በትንንሽ ታንከር እየተጠመቀ እዚያው የሚቀዳውን ነው። በዚያ ከሰዓት የቤቱ ባለቤት እትዬ፣ ለአንድ ሆቴል መጠጥ የሚገዛ ሰው ይዘው አዲሱን ቢራ ሊቀምሱ ይመጣሉ። ከወደዱት በጠርሙስ ይሞላል፣ ጠርሙሱ ላይ የእኔ አራት መስመር ግጥም ይለጠፋል። ሜክሲኮ ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ፈቃድ ጠይቄ የመጣሁት ለዚህ ነው። ግጥም የተማርኩትም እዚያው ነው፤ ሰው ኮፒ ሊያስደርግ የሚያመጣውን መጽሐፍ ማሽኑ ገጽ በገጽ ሲያበራልኝ ቆሜ እያነበብኩ። መጨረሻቸውን የማላውቃቸው መጻሕፍት ብዙ ናቸው። ሰው የሚፈልገውን ምዕራፍ ብቻ ነው የሚያስገለብጠው።

ስለ አፍንጫው ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ወንድሜ ታመመ። ትኩሳት ነበረው፣ ሳል ነበረው፣ ሳምንት ተኝቶ ተነሣ። ሲነሣ ግን ማሽተት አይችልም ነበር። ሳሙና፣ ናፍጣ፣ የበሰበሰ ቲማቲም፣ ሁሉም አንድ ሆነበት። ለጠማቂ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ጠማቂ መሆን አያስፈልግም። ብቅል ሲሻግት የሚታወቀው በአፍንጫ ነው። ቢራ ሊበላሽ ሲል ዓይን ሳያየው አፍንጫ ይሰማዋል። ለቤቱ ባለቤት አልነገራቸውም፤ ሥራዬን ይነጥቁኛል ብሎ ፈራ። የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሥራ ስወጣ በታክሲ መጥቼ፣ ጓዳ ገብቼ፣ እየዞርኩ አሸትለት ነበር። «ይሄ ደህና ነው። ይሄ እንቁላል እንቁላል ይላል።» እሱ የምለውን ተቀብሎ ይሠራል። ውሻ ያደረገኝ መስሎኝ የተናደድኩበት ቀንም ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለሁ ደወለልኝ።

«መጣ!» አለኝ።

«ምኑ?»

«ሽታው! አፍንጫዬ!»

ድምፁ ተቆራረጠ። ወንድሜ አልቃሽ አይደለም፤ እናታችንን ስንቀብር እንኳ ሰው ሲያጽናና ነበር የዋለው። ማሽኑን አቁሜ ወደ ውጭ ወጣሁ።

«ምንድነው የሸተተህ?»

«እማዬ» አለኝ። «ጋን ስታጥን። የወይራው ጭስ። ሙሉ ቀን እየሸተተኝ ነው፣ አምላኬን! ቢራው ውስጥ ነው ያለው።»

እናታችን ካዛንቺስ ውስጥ ጠላ ሸጣ ነው ያሳደገችን። በራችን ላይ በእንጨት የተሰካ የተደፋ ጣሳ ነበር፤ ጠላ አለ ማለት ነው። ወደ ቤታችን የሚገባው ሁለት ደረጃ ወደ ታች ተወርዶ ነው። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ታሻለች፣ ከዚያ የወይራ እንጨት አያይዛ ትደፋበታለች። ጭሱ ጋኑ ሆድ ውስጥ ገብቶ እስኪጠግብ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። ያ ጭስ ከጋኑ አልፎ ዩኒፎርማችን ላይ ይቀመጥና ትምህርት ቤት ድረስ ይከተለናል። ልጆቹ እኔን «ጋን» ነበር የሚሉኝ። «ጋን መጣች፣ ጣሳ አምጡ!»

ጠላዋ ይመር ነበር። ሰፈሩ ያውቀዋል፤ እጇ ጌሾ ይወዳል ይሏታል። ማዶ ካለው ግቢ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ሁልጊዜ የመጀመሪያዋን ጉንጭ ውጠው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ለሰው ነው ወይስ ለወስፋት?»

«ለወሬኛ ነው» ትላቸዋለች።

ይስቁና ሌላ ጣሳ ያዛሉ።

ከግድግዳው ማዶ ከወሎ የመጡ ሙስሊም ቤተሰብ ነበሩ። ለዒድ የማያሰክር ቅሪቦ የምትጠምቅላቸው እሷ ነበረች። ጠላ ነክቶት የማያውቅ፣ ለእነሱ ብቻ የተለየ እንስራ ነበራት። እሱንም በወይራ ታጥነዋለች። ስለዚህ በዒድም በፋሲካም የእኛ ግድግዳና የእነሱ ግድግዳ አንድ ዓይነት ይሸት ነበር።

እሷ የሞተችው ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት ነው። ሰዎች «እንኳን ሳታይ ሄደች» ይሉናል። እኔ አላውቅም። ዕቃ ስናወጣ ጋኑ በበሩ አልወጣም። ጋኑ ወደ ቤት የገባው ድሮ ነው፤ በሩ የጠበበው ደግሞ በኋላ፣ እኔ ስወለድ፣ ለመኝታ የሚሆን ክፍል በጭቃ ሲከፈል ነው። ያንን ማንም አላሰበበትም ነበር። ወንድሜ ጋኑን አጋድሞ ሞከረ፣ ገልብጦ ሞከረ። በመጨረሻ ትተነው ወጣን። ሲፈርስ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ እሱ ግን ማዶ ቆሞ አይቷል። ዶዘሩ ግድግዳውን ሲገፋው ጋኑ ተሰበረ፤ ድምፁ የሰው ሳል ይመስላል አለኝ። ከሞተች ወዲህ ማንም ወይራ ያላስነካው ጋን ነው። ሲሰበር ግን ጭሱ ወጣ፣ ማዶ ድረስ ሸተተኝ አለኝ። ያኔ አፍንጫው ጤነኛ ነበር። አምኜዋለሁ።

እኔ ግን ያንን ሽታ ማስታወስ አልችልም። ስሙን አውቃለሁ፣ ቀለሙን አውቃለሁ፣ ግራጫ ሆኖ ከጋኑ ከንፈር ሥር ሲሾልክ አየዋለሁ። ሽታው የለም። ስለ ቤታችን የጀመርኳቸው ግጥሞች ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ወይራ ገዝቼ በኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ አጭሼ አውቃለሁ። ወይራ ሸተተኝ። የእኛ ቤት አልሸተተኝም። የላይኛዋ ጎረቤት ልብስ ያሰጣሁበት ነው ብላ ጮኸችብኝ፣ አጠፋሁት።

አንዳንድ ቀን ካዛንቺስ ላይ ከታክሲ እወርዳለሁ። ረዳቱ አሁንም «ካዛንቺስ፣ ካዛንቺስ» እያለ ይጣራል፤ ስሙ አልፈረሰም። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሣር አለው፣ መብራቱ ያምራል፣ ሰው በእግሩ ይንሸራሸራል። የእኛ ቅያስ የነበረበትን የማውቀው በእግሬ ነው። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ እግሬ ሁለት ደረጃ ወደ ታች ይፈልጋል። ደረጃ የለም፤ ለጥ ያለ ንጣፍ ነው። እግሬ ግን ይወርዳል፣ እደናቀፋለሁ። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ። አንዴ ጋኑ ይቆምበት በነበረው ቦታ ሁለት ፍቅረኞች ተደግፈው ፎቶ ሲነሡ አየሁና፣ ጋኑን እንዳትነኩት ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ልጅቷ ፎቶ ላንሣችሁ ልላቸው የመጣሁ መስሏት ስልኳን ዘረጋችልኝ። አነሣኋቸው። ቤት ገብቼ በራሴ ፈራሁ፤ ፎቶው ውስጥ ከኋላቸው የምትቆም ሴት ካለች ብዬ።

እና ወንድሜ ጭሱ ተመለሰ ሲለኝ ቀናሁበት። አምኜው በሩጫ መጣሁ፣ ብርጭቆውን ተቀበልኩት፣ አሸተትኩ። ምንም። በሌላ ቀን መጣሁ፣ ምንም። በዚያ ከሰዓትም ለመጨረሻ ጊዜ ሞከርኩ።

ቢራው ራሱ ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። ቀለሙ የጠለለ ማር ነው፣ አረፋው ጥቅጥቅ ብሎ ብርጭቆው ላይ ክር ይጥላል። ብርቱ ነው፤ ሁለት ጉንጭ ሳይሞላ ጆሮ ያሞቃል። ጠማቂዎቹ ሆፕ የሚሉትን ወንድሜ የፈረንጅ ጌሾ ነው የሚለው፤ እሱ ነው ብርቱካንና ጥድ እንዲሸት የሚያደርገው። ከዚያ ምሬቱ ይመጣል። ምላስ ጫፍ ላይ አይደለም፤ ኋላ፣ ጉሮሮ በር ላይ ይቆማል። ውጠሽው እንኳ አይሄድም። ከዚህ በፊት የጠመቀው እንዲህ አልነበረም። ማሽተት ሲያቅተው ከቢራው የቀረለት ምሬቱ ብቻ ነበር፤ ምላሱ ላይ የሚይዘው እሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ጨመረ። በሚቀጥለው ሲጠምቅ ደግሞ ጨመረ። ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው ድምፁን ከፍ እያደረገ እንደሚጣራ።

«ስሚ» አለኝ ጨርቁን ጥሎ። «እትዬ ሲመጡ ዝም በይ። ማለቴ፣ ከጠየቁሽ አዎ በይ። አዎ ማለት ምን ያስከፍልሻል?»

«ከሌለስ?»

«አለ! ከሌለ እኔ አልዳንኩም ማለት ነው። ካልዳንኩ ደግሞ እዚህ ቤት ምን እሠራለሁ? ገባሽ?»

ገብቶኝ ነበር። ከመጀመሪያውም የምንጣላው በዚህ ነበር።

በሩ ተከፈተ። የጓዳው በር ከባድ ብረት ነው፤ በራሱ ይዘጋል። ከሰዎቹ ቀድሞ ሽቶ ገባ። የሆቴሉ ሰውዬ ሽቶ ነው፣ ጣፋጭና ብዙ፤ ሱፉን አጥምቆበት የመጣ ይመስላል። ወንድሜ እጁን ዘርግቶ ሰላም አለው፤ ፊቱ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ከኋላው የቤቱ ባለቤት ገቡ። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ነጠላቸውን በሹራብ ላይ ጣል ያደረጉ ሴት ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው።

«እህትህ ናት?» አሉ።

«አዎ። ገጣሚዋ።»

«እሰይ የኔ ልጅ። ግጥሙ አለቀ?»

«አንድ ቃል ቀርቷታል» አለ ወንድሜ እኔን እያየ።

ቀዳ። ለእንግዶቹ ከመስጠቱ በፊት ግን ብርጭቆውን ዘንበል አድርጎ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገና ጠጣ። እናታችን ለእንግዳ ሁሉ የምታደርገው ነው፤ መርዝ የለበትም፣ እኔ ቀምሼዋለሁ፣ ጠጡ ማለት ነው። እሱ ሲያደርገው ያየሁት ያኔ ነው። መዳፉን የሚያጥፍበት መንገድ፣ አንገቱን የሚሰብርበት፣ ሁሉም የእሷ ነበር። 

«ኧረ!» አሉ እትዬ። «ይሄን ካየሁ ስንት ዘመኔ! አሁን ማን ይቀምሳል? ብድግ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።»

የሆቴሉ ሰውዬ ጠጣ። ዓይኑ ትንሽ ፈጠጠ።

«ዋው። ስትሮንግ ነው። ማለቴ፣ አሪፍ ነው፣ ግን ይመራል አይደል?»

«ቆይ፣ አትቸኩል» አለ ወንድሜ። «ምሬቱ ያልፍና ከኋላ ጭስ ይመጣልሃል። የወይራ። እናቴ ጋን የምታጥንበት ነው።»

«ወይራ ጨምረህበት ነው?» አሉ እትዬ።

«አልጨመርኩም። ራሱ ነው ያመጣው።»

እትዬ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው መልሰው አስጠጉ። የሆቴሉ ሰውዬ ዓይኑን ጨፈነ፤ ቤተ ክርስቲያን የገባ መሰለ።

«አዎ!» አለ። «አዎ አዎ፣ መጣ! ጭሱ። ሙዱ ራሱ... እንግዶቻችን እኮ ታሪክ ያለው ነገር ነው የሚፈልጉት።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም።

«ሰማሽ?» አለኝ።

«እኔን ግን አልሸተተኝም» አሉ እትዬ ቀስ ብለው። «እያረጀሁ ይሆናል። አንቺስ የኔ ልጅ? ይሸትሻል?»

ሦስቱም አዩኝ። ብርጭቆዬን አነሣሁ። አዎ ልል ነበር። እውነቴን ነው፣ ከንፈሬ ላይ ደርሷል። ለእሱ ብዬ ብቻም አይደለም፤ ጭሱ ቢኖር የምወደው እኔም ነኝ። የሆቴሉ ሰውዬ በሽቶው መሐል ካገኘው የእኔ፣ የልጇ አፍንጫ እንዴት ያጣዋል?

ያኔ ነው የሸተተኝ።

ከብርጭቆው አይደለም። ከጀርባዬ፣ ከኩሽናው በኩል ነው። በኩሽናና በጓዳው መሐል ያለው መጋረጃ ተገልጦ ነበር። ምግብ አብሳይዋ ለማታው ወጥ ሽንኩርት ጥዳ ስልክ ልታናግር ወጥታለች። ሽንኩርቱ አረረ። ጭሱ ገና አልታየም፤ ሽታው ግን ክፉ፣ አፍንጫ የሚቧጥጥ ነበር። እኔ ዞርኩ። እትዬም ዞሩ። የሆቴሉ ሰውዬም ፊቱን አኮማትሮ ዞረ።

ወንድሜ አልዞረም።

«ትንሽ ሞቅ ሲል ደግሞ ይበልጥ ነው የሚወጣው» ይል ነበር። «በጣም ቀዝቅዞ መቅረብ የለበትም። ጭሱን ብርዱ ይደብቀዋል።»

የሆቴሉ ሰውዬ አፉን ሊከፍት ሲል እትዬ እጃቸውን አነሡ፣ ቆይ እንደማለት። ወንድሜን እያዩት ነበር። ሕፃን ልጅ ትኩሳት እንዳለው ሲጠረጠር እንደሚታየው።

«ልጄ» አሉት። «አሁን ምን ይሸትሃል?»

«ጭሱ!» አለ በደስታ። «እሱን እኮ ነው የምላችሁ። ወይራው።»

 ከዚያ ሰውዬው አልቻለም፣ ሳቀ።

«ብሮ፣ ሽንኩርት ነው እኮ! ኩሽናው ሊቃጠል ነው!»

ሳቁን የሚቀበለው ሰው አጣና መሐል ላይ ተወው። እትዬ ሮጠው ገብተው ምድጃውን አጠፉ፤ ድስቱ ሲንኳኳ ሰማን። ወንድሜ እኔን ያየኛል።

«ሽንኩርት ነው?»

«ሽንኩርት ነው።»

«አሁን ይሸታል?»

«ቤቱን ሞልቶታል።»

መጋረጃውን ገፍቶ ገባ። ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁት። ድስቱ ላይ አጎንብሶ፣ የከሰለውን ሽንኩርት ፊቱ ሊነካው ጥቂት እስኪቀረው ተጠግቶ፣ በረጅሙ ሳበ። ደግሞ ሳበ። ዓይኑ አነባ፣ ጉሮሮው ሳለ፤ አፍንጫው ግን አላወቀውም። ቀና ሲል ሽንኩርቱን ትቶ በግራ በቀኝ እያየ ነበር፤ ሰው ስሙን ጠርቶት ማን እንደሆነ ያጣ ይመስል።

«ወይራ ነው የሚሸተኝ» አለ። «እዚህም።»

እትዬ የሆቴሉን ሰውዬ ወደ ፊት ለፊቱ መጠጫ ክፍል ሸኙት፤ ሌላ ቢራ እንዲቀዳለት አዘዙና ተመለሱ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከክረምት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ተመልሶልኝ ነበር እትዬ። ማለቴ... የተመለሰ መስሎኝ ነው።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እሱንም አስቀመጡት።

«የእህቴ ባል እንዲሁ ሆኖ ነበር» አሉ። «ከበሽታው ሲነሣ ቀኑን ሙሉ የተቃጠለ ጎማ ይሸተው ነበር። ጎማ በሌለበት! ሐኪም ቤት ሄደ፤ ጧት ጧት ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ነጭ ሽንኩርት እያቀያየርክ አሽትት አሉት። እየሳቅንበት አሸተተ። ቀስ በቀስ የውሸቱ ጠፋ፣ እውነተኛው መጣ። አሁን የወጥ ጨው እንኳ በአፍንጫው ነው የሚያውቀው፣ ሚስቱን አማሯታል። አንተም እንደዚያ አድርግ። ቦታህን ለማንም አልሰጥም። እስክትድን እህትህ ታሽትትልህ፣ እሷንም አላስቀይማትም። ከነገ ጀምር።»

እኔ እፎይ አልኩ። የፈራነው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አለቀ ብዬ። ወንድሜ ግን መሬት መሬቱን ያያል።

«የውሸቱ የትኛው ነው?» አለ።

«ጭሱ ነዋ።»

«ይጠፋል?»

«እግዚአብሔር ከረዳህ ይጠፋል።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ሙሉ በሙሉ።»

 ከፊት ለፊቱ ክፍል ወንበር የሚጎተት ድምፅ ይሰማል።

«አመስግን እንጂ» አልኩት።

«ምን ብዬ? እማዬን አስወጡልኝ ብዬ?»

«እብድ አትሁን። እማዬ አይደለችም። በሽታ ነው።»

«በሽታ መሆኑን አሁን ሰማሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ካዛንቺስ ስትወርጂ ምን ይሸትሻል?»

አሰብኩ። ውኃ የጠጣ ሣር። አዲስ አስፋልት። የሰው ሽቶ።

«ምንም» አልኩት።

«አየሽ? እኔን ይሸተኛል። ስነሣ አለ፣ ስተኛ አለ። ትናንት ሰንጋ ተራ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አለ። የቤታችንን በር ከፍቼ የምገባ ነው የሚመስለኝ። እና ሎሚ አሽትቼ ላባርራት?»

«ልጄ» አሉ እትዬ፣ «የእናትህን ነፍስ ይማረው። ግን አፍንጫ የሌለው ሰው ቢራ መጥመቅ አይችልም። ይሄ የሠራኸው ምሬት ብቻ ነው። እኔ ለሰው ልሸጠው አልችልም። ካልታከምክ ደግሞ...»

አልጨረሱትም። መጨረስ አያስፈልግም ነበር።

ብርጭቆዬ ውስጥ የቀረው ሞቅ ብሏል። ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ ጠጣሁት። አረፋው ሞቷል፣ ብርቱካኑ ጠፍቷል፣ ጥዱም የለም። ምሬቱ ብቻ ቀርቷል፤ ጉሮሮዬ በር ላይ መጥቶ ቆመ። እዚያ አገኘኋት። ጋን ስታጥን ሳይሆን ጠላ ስትቀዳ፤ ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቴ እስኪጨማደድ እየጠበቀች ልትስቅ የተዘጋጀች። ያ መራራነት የማንም አይደለም። የአንድ ሰው እጅ ነው። ጭሱን ስፈልግ በአጠገቧ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ እግዜር ይወቀው።

«ምሬቱ የእሷ ነው» አልኩት። «እውነቴን ነው። ቅመሰው። እጇ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ለአፍታ የሚቀር መሰለኝ። ብርጭቆውን አንሥቶ አንድ ጉንጭ ወሰደ፣ አፉ ውስጥ አቆየው፣ ዋጠ።

«እሱን አንቺ ውሰጂው» አለኝ፤ የሟች ዕቃ እንደሚካፈል ሰው።

ተነሣ። ሽርጡን ከአንገቱ አወለቀ፣ አጥፎ ታንከሩ ላይ አስቀመጠ። እትዬ ክንዱን ያዙት።

«ዛሬ አትወስን። እደርበት።»

«ወስኛለሁ እትዬ። አይቀየሙኝ።»

ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ። ዓይናቸው ላይ ውኃ ሞልቶ ነበር፤ የሽንኩርቱ ጭስ ገና አልወጣም። ወደ በሩ ሄደ። «ቆይ፣ አብረን እንሂድ» ለማለት ተነሥቼ ነበር፤ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ተቀመጪ አለኝ፣ ሳያየኝ። ብረቱን በትከሻው ገፍቶ ከፈተው። ደፉ ላይ ቆመና በአፍንጫው አንድ ጊዜ ሳበ፤ ከቤት ሲወጣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ መኖሩን በእጁ እንደሚነካ ሰው። ጭሱ መኖሩን ከትከሻው አወቅኩ፤ ላላ አለ።

ወጣ። በሩ በራሱ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ ሄደና ተዘጋ።